የአይሁድ ትምህርትን በኢንተርኔት ማዳረስ፦ ተመልካች አለን፤ ተማሪ ግን አላገኘንም

ጥያቄ፦ አስተባባሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እስራኤል ውስጥ ለቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የኦሪትና የዕብራይስጥ የማታ ትምህርት የሚሰጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት አስተባባሪ ነኝ። ሦስት መምህራን አሉን፤ ሦስቱም ቀን ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የሥራ ሰዓት ወይም ርቀት ወደ ክፍላችን እንዳይመጡ ለሚያግዳቸው ሰዎች ትምህርቱን ለማድረስ አስበን፣ የሳምንቱን የኦሪት ንባብ ማለትም ፓራሻውን በዐሥር ደቂቃ ቪዲዮ በአማርኛ እያብራራን በዩቲዩብና በፌስቡክ ማውጣት ጀመርን።

ቪዲዮዎቹ ይታያሉ። አንዳንዶቹ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች አግኝተዋል። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ዓመታት ቪዲዮ አይቶ ትምህርት ለመጀመር የመጣ ሰው ቢኖር ሁለት ወይም ሦስት ነው። አስተያየት መስጫው ላይ የምናነበው አንድም «ተባረኩ» የሚል አጭር ምርቃት ነው፤ አለዚያም ቤተ እስራኤል በእርግጥ አይሁድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል፣ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ጭቅጭቅ ነው። ቦርዳችን በየሦስት ወሩ የሚጠይቀኝ የተመልካች ቁጥር ነው። ቁጥሩን አቀርባለሁ፤ ሪፖርቱን ጨርሼ ስቀመጥ ግን ማንን ምን እንዳስተማርን ለራሴ መናገር ያቅተኛል።

ለማን እንደምንሠራ ግልጽ ላድርግ። በዕብራይስጥ «ኪሩቭ» የሚባለው፣ ትርጉሙም «ማቅረብ» የሆነው ሥራ የሌላ እምነት ተከታይን ወደ አይሁድነት መሳብ አይደለም፤ ልናቀርብ የምንፈልገው የራሳችንን ሰው ነው። ዕብራይስጡን አቀላጥፎ እየተናገረ የአያቱን ጸሎት የማያውቅ ወጣት አለ፤ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ግራ የሚያጋባት እናት አለች፤ ኦሪትን ከቀሳውስት፣ ማለትም ከቤተ እስራኤል የሃይማኖት አባቶች፣ አፍ ሰምተው ያደጉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌዎችም አሉ። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ቪዲዮ ማስተማራችን ስሕተት ይሆን? ሰውን ከመመልከት ወደ መማር የሚያሻግረውስ ምንድን ነው? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ምክራችሁን በቀጥታ ወደ መምህራኑ ስብሰባ ይዤው እገባለሁ።


መልስ 1፦ የወጣቶች መምህር

እህቴ፣ ከጻፉት ውስጥ አንድ ነገር ጎድሎ አገኘሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰዎች ምን እንደመረቋችሁና በምን እንደተጨቃጨቁ ነግረውናል፤ ምን እንደጠየቋችሁ ግን አንድ ቃል አልጻፉም። ችግሩ ከቪዲዮው ርዝመት ወይም ከምስሉ ጥራት የመጣ አይመስለኝም። መምህሩ ይናገራል፣ ተመልካቹ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደየመንገዳቸው ይሄዳሉ።

«ፒርቄ አቮት» በተባለው የሚሽና (የጥንት የአይሁድ ሕግና ትምህርት ስብስብ) ክፍል፣ በምዕራፍ 2፣ ጥንታዊው መምህር ሒሌል «ዓይን አፋር አይማርም፤ ቁጡም አያስተምርም» ይላል። ይህን ቃል ለረጅም ጊዜ ተማሪዎቼን ለማደፋፈር ስጠቅሰው ኖሬ፣ እውነቱ ዘግይቶ ነው የገባኝ። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የዐርብ ማታውን ኪዱሽ (የሰንበት ምርቃት) እንዴት እንደሚባል አላውቅም ብሎ በጓደኞቹ ፊት እጁን አያወጣም። አንዲት እናትም ልጇ የምትጠይቃትን እንደማታውቅ መምህሩ ፊት ቆማ አትናገርም። ክፍላችን ለደፋሮች የተሠራ ነበር ማለት ነው። ኢንተርኔት ለአይሁድ ትምህርት ካመጣቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ ዓይን አፋሩ ሰው ስሙን ሳይናገር የሚጠይቅበትን ቦታ መክፈቱ ይመስለኛል። እናንተ ቦታውን አገኛችሁት፤ ግን በንግግር ሞላችሁት።

በጥያቄና መልስ ከሩቅ ማስተማር ለሕዝባችን አዲስ አይደለም። በባቢሎን የነበሩት የሱራና የፑምበዲታ ትምህርት ቤቶች መሪዎች፣ ጋኦኖች የሚባሉት፣ ከሰሜን አፍሪካና ከስፔን ድረስ ጥያቄ በደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር። ደብዳቤውን የሚያጓጉዙት ነጋዴዎች ነበሩ፤ መልሱም በመንገድ ላይ እየተገለበጠ ላልጠየቀው ሰው ጭምር ይዳረስ ነበር። በፉስጣጥ ምኩራብ፣ የካይሮ ጌኒዛ ተብሎ በሚታወቀው ማከማቻ ውስጥ ከተገኙት ጽሑፎች መካከል እንዲህ ያሉ መልሶች ይገኛሉ። በ9ኛው መቶ ዘመን ረቢ አምራም ጋኦን የጸሎትን ሥርዓት በቅደም ተከተል ጽፈው የላኩት ከስፔን ለመጣ ጥያቄ ምላሽ ነው። ረቢ ሸሪራ ጋኦን እ.ኤ.አ. በ987 ሚሽናና ታልሙድ (የሚሽና ሰፊ ማብራሪያ) እንዴት እንደተዘጋጁ ያብራሩበት ዝነኛ ደብዳቤም በሰሜን አፍሪካ ለነበረው የቀይረዋን የአይሁድ ማኅበረሰብ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ማንም ባይጠይቅ ኖሮ እነዚህ ጽሑፎች ባልኖሩ ነበር።

የራሳችን ማኅበረሰብ ታሪክም ከዚሁ ሰንሰለት ጋር የተያያዘ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበሩት፣ ራድባዝ በሚል ምሕፃር የሚታወቁት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከኢትዮጵያ ስለመጡ አይሁድ ተጠይቀው የሰጡት መልስ ተጠብቆ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1973 በዚያን ጊዜ በእስራኤል የሴፋርዲም (የስፔንና የምሥራቅ አገሮች አይሁድ) ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ሲወስኑ ከተመረኮዙባቸው ምንጮች አንዱ ይህ ነበር። በ1975 ደግሞ የእስራኤል መንግሥት፣ አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለማኅበረሰቡ እንደሚሠራ ተቀበለ።

ስለዚህ እኔ ብሆን አንድ የዋትስአፕ ቁጥር ለጥያቄ ብቻ እለይ ነበር። ከመምህራኑ አንዱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ለዚሁ ይመድብ፤ ከማስተማሪያው ሰዓት ላይ ተቀንሶ እንጂ በትርፍ ጊዜው አይሁን፤ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ሥራ በሦስተኛው ወር ይቆማል። የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ የሳምንቱ ቪዲዮ ከደረሳችሁ ጥያቄ ይጀምር። ፓራሻውን አትተዉት፤ ጥያቄው ራሱ መግቢያውን ይሰጣችኋል። ለቦርዱም ስንት ጥያቄ እንደመጣ፣ ስንቱ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ እንዳገኘ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ እንደጠየቀ ይንገሩ። ተመልሶ የጠየቀ ሰው ትምህርት ጀምሯል ብዬ እቆጥረዋለሁ፤ ክፍል የመጣ ባይሆንም።

በዚህ ረገድ ኻባድ ከተባለው፣ አይሁድን ወደ እምነታቸው ከሚያቀርበው እንቅስቃሴ ብዙ መማር ይቻላል። ረቢ ዮሴፍ ይጽሐቅ ካዜን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ዛሬ ድረ ገጽ የምንለው ነገር ከመስፋፋቱ በፊት፣ ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር ይገናኙበት በነበረው መረብ ላይ ከማያውቋቸው ሰዎች የሚደርሷቸውን ጥያቄዎች ይመልሱ ነበር፤ ኻባድ ዶት ኦርግ የተባለው ድረ ገጽ ያደገው ከዚያ ሥራ ነው። ከቴክኒኩ የሚበልጠው ግን በየከተማው መልእክተኛ የሚሉት ሰው መኖሩ ነው፤ በኢንተርኔት የጠየቀው ሰው በአካል ሊያገኘው የሚችል ሰው በአቅራቢያው ያገኛል። ሰዎቹ ራሳቸው ወደ ምኩራብ ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ እንደማይበቃ ቁጥሮችም ይናገራሉ፦ ፒው የተባለው የጥናት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባካሄደው ጥናት በአሜሪካ ካሉ አዋቂ አይሁዶች በወር አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ ምኩራብ እንሄዳለን ያሉት ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የጋብቻ፣ የፍቺ፣ ወደ አይሁድነት የመግባት ወይም የመሰል ከባድ ጉዳይ ጥያቄ ሲመጣ መምህሩ ፍርድ እንዳይሰጥ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ይህ በረቢ ወይም በሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚታይ ነው፤ እንዲህ ወዳለው ቦታ ሂዱ» ማለትም ጥሩ መልስ ነው። የቀሳውስቱ ትውፊትና የረቢዎቹ ሥርዓት በሚለያዩበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱንም በአክብሮት አቅርቡ፤ አንዱን ደብቃችሁ ሌላውን ብቻ አታስተምሩ። ወጣቶቹ የተደበቀውን በሌላ መንገድ ሲያገኙት እምነታቸውን የሚያጡት በእናንተ ላይ ነው።


መልስ 2፦ ድምፅና ጽሑፍ

ከላይ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ጠያቂው መጀመሪያ ሊያገኛችሁ ይገባል። ለአማርኛ ተናጋሪ አይሁድ የሚዘጋጅ ትምህርት በፍለጋ የማይገኘው በትናንሽ ምክንያቶች መሆኑን በሥራዬ አይቻለሁና ስለ እነርሱ ልጻፍ።

ሐኑካን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቤተ እስራኤል ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን በዓል አያከብሩም ነበር፤ ስለዚህ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ሻማ ይዞ ሲመጣ ወላጅ የሚፈልገው ትምህርት ነው። ወላጁ ስልኩ ላይ «ሐኑካ» ብሎ ይጻፍ፣ «ሀኑካ» ወይስ «ኃኑካ» አናውቅም፤ የፍለጋ ፕሮግራሞች ደግሞ እነዚህን ሞክሼ ፊደላት ሁልጊዜ አንድ አድርገው አያነቧቸውም። «ጸሎት» እና «ፀሎት»፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ» እንዲሁ ናቸው። በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ አስፍሩ፤ ከቪዲዮው ሥር ባለው መግለጫ ውስጥ ግን ሌሎቹን አጻጻፎች በተፈጥሯዊ ዐረፍተ ነገር አግቡ። ርዕሱም «የሐኑካ ትምህርት፣ ክፍል 2» ከሚሆን «ሀገር ቤት ያላከበርነውን ሐኑካን ዛሬ ለምን እናከብራለን?» ቢሆን ይሻላል፤ ሰው የሚጽፈው የልቡን ጥያቄ እንጂ የክፍሉን ቁጥር አይደለም።

ቃላትም ይለያያሉ። «ፋሲካ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ትምህርታችሁ በክርስቲያኖች ትንሣኤ ቪዲዮዎች መካከል ይሰጥማል፤ «ፔሳሕ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ አያቶች አያውቁትም። ሁለቱም ይግቡ።

የመዝሙረ ዳዊት ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። በግዕዙ 22ኛው የሆነው መዝሙር በዕብራይስጡ 23ኛው ነው፤ ከ10ኛው መዝሙር አንሥቶ እስከ 147ኛው አካባቢ ድረስ አብዛኛው ቁጥር በአንድ ይለያያል። አያትና የልጅ ልጅ «23ኛውን እናንብብ» ተባብለው ሁለት የተለያዩ መዝሙሮች ሊከፍቱ ይችላሉ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፉላቸው፤ አንድ መዝሙር አብረው ሲያነቡ ማየት ለእኔ ከብዙ ሺህ ተመልካች ይበልጣል።

ዕብራይስጥና አማርኛ በአንድ መስመር ሲገቡ አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ስለሚጻፍ በስልክ ላይ ቃላቱ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ፤ ሥርዓተ ነጥቡም ወዳልሆነ ጫፍ ይሄዳል። የዕብራይስጡን ጥቅስ ለብቻው በአንድ መስመር አስቀምጡ፤ ከሥሩ በፊደላችን ንባቡን፣ ከዚያ ትርጉሙን። ምንጭ ስትጠቅሱ ሴፋርያ ወደተባለው ነጻ የጽሑፍ ማከማቻ ማያያዣ አኑሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተ ሲሆን፣ በ2017 የረቢ ዓዲን ስቴይንሳልዝን የታልሙድ ትርጉም ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ማንም እንዲጠቀምበት ከፍቷል። መምህራን የምንጭ ወረቀት የሚያዘጋጁበት መሣሪያም አለው። ወረቀቱ ታትሞ የሚሰጥ ከሆነ የቅዱስ ስም ያለበት መሆኑንና ሲያበቃ ወደ ጌኒዛ፣ ማለትም ያረጁ ቅዱሳት ጽሑፎች ወደሚቀመጡበት ማከማቻ፣ እንጂ ወደ ቆሻሻ እንዳይጣል በግርጌው ላይ ማስታወሻ ጻፉ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ቪዲዮውን ተዉላቸው። በዋትስአፕ የሚላክ የሦስት ደቂቃ ድምፅ፣ በሚያውቁት ሰው ድምፅ፣ ዐርብ ከቀትር በፊት ቢደርሳቸው ይበቃል። ሃሬዲ በሚባሉት አጥባቂ አይሁድ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ውስጥ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ የያዙ ሰዎች ቁጥር ደውለው ትምህርት የሚሰሙባቸው አገልግሎቶች አሉ፤ ኮል ሃላሾን ከእነርሱ አንዱ ነው። በእስራኤል ሬዲዮ ሬካ የአማርኛ ስርጭት የለመደ ጆሮም ለድምፅ ቅርብ ነው። ረቢ ዮሴፍ ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 በኒው ዮርክ ሐሲዲም የተባሉትን አጥባቂ አይሁድ ትምህርት በዪዲሽ (በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ) በሬዲዮ ማስተማር የጀመሩት በዚያ ዘመን ሠራተኛው ሰው ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሬዲዮን ስለነበረ ነው። የእናንተ አድማጭ በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ ተነሡ።


መልስ 3፦ የቄስ ልጅ

ልጄ፣ የጻፍሽውን አነበብኩት፤ ስለ ሽማግሌዎች ያነሣሽው ልቤን ነካው። አባቴ ቄስ ነበሩ። ጸሎታቸውን በግዕዝ ሲያደርሱ ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ዛሬም ድምፃቸው በጆሮዬ ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ልጅ ነው።

የቀሳውስትን ጸሎት ቀርጻችሁ ማውጣት ብትፈልጉ ስልክ ደውላችሁ «እንቅረጽዎት?» አትበሉ። ሂዱ፤ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ለምን እንደምትፈልጉት፣ ማን እንደሚሰማው፣ ከወጣ በኋላ መመለስ እንደማይቻል አስረዷቸው። አንድ ጊዜ አንድ ቡድን የአንድ አረጋዊን ጸሎት ቆርጦ ከሥሩ ሙዚቃ አድርጎ ሲለቀው አይቻለሁ። በመካከሉም የማይገባ ማስታወቂያ ገባበት። እኒያ አባት ከዚያ በኋላ ማይክሮፎን ፊት አልቆሙም፤ ያ ያወቁት ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ቀረ። ጸሎት ባለበት ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ እንዳይገባ ማድረግ የምትችሉበት መንገድ ካለ ገንዘቡ ይቅርባችሁ።

ሌላው የሰንበት ጉዳይ ነው። መልእክት አስቀድሞ አዘጋጅቶ በራሱ ሰዓት እንዲወጣ ማድረግ እንደሚቻል ልጆቼ ነግረውኛል። እናንተ ሰንበትን ብትጠብቁም መልእክታችሁ በሰንበት ሲወጣ ያየ ሰው ድርጅቱ ሰንበትን አይጠብቅም ብሎ ያስባል። በሌላ አገር ያሉ ወገኖቻችንም አሉ፤ በእናንተ ዘንድ ሰንበት ሲወጣ በአሜሪካ ገና ቀትር ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከዐርብ ቀትር እስከ እሑድ ጠዋት ምንም አላወጣም።

በቪዲዮ ስለ መጸለይም መምህራኑ አንድ ሐሳብ ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኮንሰርቫቲቭ የተባለው የአይሁድ እምነት ዘርፍ ረቢዎች የሕግ ኮሚቴ ዐሥር ሰዎች በአንድ ቦታ ሳይሰበሰቡ በኢንተርኔት ብቻ ሚንያን፣ ማለትም ለጋራ ጸሎት የሚያስፈልገው የሰው ብዛት፣ አይሟላም፣ በአንድ ቦታ ከተሟላ በኋላ ግን በሩቅ ያለው ሊሰማና ሊመልስ ይችላል ብሎ ወስኖ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ እዚህ እስራኤል ውስጥ ከሞሮኮ የመጡ አንዳንድ ረቢዎች ለብቻቸው ለቀሩ አረጋውያን የፔሳሕን ሴዴር (የበዓሉን ማታ የማዕድ ሥርዓት) በቪዲዮ ከቤተሰብ ጋር እንዲያሳልፉ ፈቀዱ፤ ዋናው የረቢዎች ምክር ቤት ደግሞ ተቃወመ። ሁለቱም ወገን በኦሪት ፍቅር የተናገረ ነው። እናንተ ግን የማንን ውሳኔ እንደምትከተሉ ሳትነግሩን ካሜራ አትትከሉ።

ተራራ ወጥተን የምንጸልይበትን የቤተ እስራኤልን በዓል፣ ስግድንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በሕግ ካጸደቀው ወዲህ የእስራኤል ልጆች ሁሉ ስሙን ሰምተዋል፤ ትርጉሙን ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ከዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) በኋላ በሃምሳኛው ቀን ስለሚውል ሃምሳ ቀን አላችሁ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ትዝታውን ቢናገር፣ በሃምሳኛው ቀን ወጣቱ ወደ ተራራው የሚወጣው ለምን እንደሆነ ያውቃል።


መልስ 4፦ አስተባባሪዋ

አባቴ፣ ምክርዎን በአክብሮት ተቀብያለሁ። የሰንበቱን ነገር በእውነት አላሰብንበትም ነበር፤ ሁለት ቪዲዮዎቻችን ዐርብ ማታ እንደወጡ አሁን አይቼ አፍሬአለሁ። የጥያቄ መስመሩን መምህራኑ ወደውታል። አሁን የሚያሳስበኝ ያ ጭቅጭቅ ነው፤ ሰዎች በግልጽ እንዲጠይቁን ከጋበዝን ስድቡም አብሮ ይመጣል። ደግሞ ከመካከላችን አንዱ መምህር የክፍሉን አድራሻና ሰዓት በየቪዲዮው መጨረሻ እንጻፍ ይላል፤ ይህስ ደኅና ነው?


መልስ 5፦ በር ጠባቂ

አድራሻውን አትጻፉ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች በሰንበት ጸሎት ላይ ሳሉ ተገደሉ፤ ገዳዩ ከጥቃቱ በፊት ጥላቻውን በማኅበራዊ መረብ ላይ ይጽፍ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ የአይሁድ ተቋማት ከዚያ ወዲህ የበለጠ ተጠንቅቀዋል፤ የተለመደው አሠራርም ለመማር የሚፈልግ ሰው ይመዘገባል፣ አንድ ሰው ደውሎ ያነጋግረዋል፣ ከዚያ በኋላ ቦታው ይነገረዋል የሚል ነው። ይህ ጥንቃቄ ለእናንተ ዓላማም ይጠቅማል፤ ያ የስልክ ንግግር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እውነተኛ ትውውቅ ነው። በዙም የምታስተምሩ ከሆነም መግቢያውን በአደባባይ አትለጥፉ፤ የመጠበቂያ ክፍሉን ክፈቱና ሰውን በስሙ አስገቡ።

የልጆችን ፊት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አታሳዩ፤ ፈቃድ ቢኖርም ስምና ትምህርት ቤት አንድ ላይ አይጠቀስ።

ስለ ጭቅጭቁ፦ በአስተያየት ሥር አትከራከሩ። ሒሌል «ቁጡም አያስተምርም» ያለውን ከላይ አንብበናል። የቤተ እስራኤልን ታሪክ፣ የ1973ቱን የረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ውሳኔና የ1975ቱን የመንግሥት እውቅና የያዘ አንድ ገጽ በእርጋታ ጻፉ። ከሁሉም በላይ አድርጋችሁ ስቀሉት። በቅንነት የጠየቀውን ወደዚያ ምሩት፤ የሰደበውን አስተያየት ያለ መልስ አጥፉ። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፣ 16 በሕዝብ መካከል በሐሜት እንዳንመላለስ ያዘናልና በሌሎች ድርጅቶችና መምህራን ላይ የሚጻፍ ወሬም በእናንተ ገጽ ላይ ቦታ አይኑረው። ይህን የሚከታተለው ሰው በየቀኑ ስድብ እንደሚያነብ አስቡበት፤ ብቻውን አይሁን፤ ተራ ግቡ።


መልስ 6፦ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ

ከመጀመሪያው መምህር ጋር በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። ጥያቄና መልስ ሰውን ያቀርባል፤ ነገር ግን ጥያቄው የተመለሰለት ሰው ረክቶ ሊሄድ ይችላል። ትምህርት የሚሆነው ልማድ ሲሆን ነው። ለዚህም መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ሰዎች አብረው የሚጀምሩትና አብረው የሚጨርሱት ነገር ያስፈልጋል።

ረቢ ሜኢር ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1923 በቪየና በተደረገ ጉባኤ ላይ ዳፍ ዮሚ የተባለውን ሐሳብ ሲያቀርቡ የዓለም አይሁድ ሁሉ በየቀኑ ያንኑ አንድ የታልሙድ ቅጠል እንዲማር ነበር የፈለጉት። 2,711 ቅጠሎቹ በሰባት ዓመት ተኩል ያህል ይጠናቀቃሉ። አሁን የምንገኝበት ዙር እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2020 ተጀመረ፤ በዚያው ቀን በኢየሩሳሌም ሃድራን የተባለው ድርጅት ያለፈውን ዙር ለጨረሱ ሴቶች ያዘጋጀው የፍጻሜ በዓል በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ተከበረ። ሃድራን ያደገው አንዲት መምህርት በየቀኑ በድምፅ ከምትለቀው ትምህርት ነው። በእስራኤል ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ «929» የሚባል መርሐ ግብር አለ፤ ስሙን ያገኘው ከታናክ (የዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ) ምዕራፎች ቁጥር ነው፤ በሳምንት አምስት ምዕራፍ ይነበባል።

እናንተ ግን በዚህ አትጀምሩ፤ ሦስት መምህራን ይዛችሁ 929 ምዕራፍ ከጀመራችሁ በሃምሳኛው ትደክማላችሁ። መጽሐፈ ሩት አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ከሻቩዖት (የሳምንታት በዓል) በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ በድምፅ ላኩ። ባዕድ አገር የሄደችውን፣ አማቷን ያልተወችውን፣ በቃርሚያ የኖረችውን ሴት ታሪክ በእግሯ እስከ ሱዳን ተጉዛ የመጣች አያት ያለ ማብራሪያ ታውቀዋለች፤ እንዲያውም አስተማሪ የምትሆነው እርሷ ናት። ዮናስም አራት ምዕራፍ ነው፤ በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ በምኩራብ ይነበባልና ከዚያ በፊት ባለው ወር አድርጉት። በአራተኛው ሳምንት አብረው የሰሙትን ሰዎች በአካል ሰብስቡ። ለቦርዱም ስንት ሰው ጀምሮ ስንት እንደጨረሰ ንገሩ።


መልስ 7፦ አስተባባሪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረናል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ቪዲዮውን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ እናደርገዋለን፤ የተረፈው ሰዓት ለጥያቄ ቁጥሩ ይውላል። ከዐርብ ቀትር እስከ እሑድ ጠዋት ምንም አናወጣም። ሩትን የምትናገር አንዲት እናት ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል አግኝተናል፤ ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። መጀመሪያ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው ነበር፤ መምህሩ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲያነብላቸው ግን አስቁመውት የኑኃሚንን ነገር ራሳቸው ቀጠሉት።

ቁጥሩን ለመሞከር ለክፍሉ ተማሪዎች ብቻ ሰጥተን ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ከማናውቀው ስልክ የመጀመሪያው ጥያቄ ደረሰ። «ልጄ በዐርብ ማታ ሻማ ለምን አታበሪም አለችኝ፤ እናቴ ሰንበት ሳይገባ እሳቱን ሁሉ ታጠፋ ነበር፤ የማንን ላድርግ?» ይላል። መምህሩ ሁለቱንም ትውፊት በአክብሮት የሚያስረዳ መልስ እያዘጋጀ ነው። «የቄስ ልጅ» አባታችን፣ አባትዎ በዚህ ነገር ምን ይሉ እንደነበር ቢነግሩን በመልሱ ውስጥ እናስገባዋለን።


መልስ 8፦ የቄስ ልጅ

ልጄ፣ እናቷ ትክክል ነበረች፤ በቤታችንም ሰንበት ሳይገባ እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ ምግቡም ዐርብ ተሠርቶ ያልቅ ነበር። የሰንበትን ክብር በጨለማ ነው የተማርነው። እዚህ ከመጣን በኋላ ባለቤቴ ሻማ ማብራት ጀመረች፤ አባቴም ሰንበት ከመግባቱ በፊት የበራ መሆኑን ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ከብርሃኑ አጠገብ ተቀምጠው በግዕዝ ጸለዩ። ይህን ንገሯት። ስልኬን በግል እልክልሻለሁ፤ መናገር ከፈለገች ባለቤቴ ታነጋግራታለች።